ልጄን የጠየቀኝ መንደር

ልጄ ሩዝ አራሽ ሊሆን መወሰኑን የነገረኝ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሴንት አልባንስ ቤቴ፣ ምሳ እየበላን ሳለ ነው። አነጋገሩ እንደ ቀላል ነገር ነበር። "እማዬ፣ ኖቲስ ሰጥቻለሁ" አለኝ። የተከራየውን ቤት ሊለቅ መሰለኝና "ደግ አደረግህ፣ ያ ቤት ብርዳም ነው" አልኩት። "የቤቱን አይደለም፣ የሥራዬን ነው" አለና የሰላጣውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ተግተልትሎ መጣ። ሲወዳጃት የቆየችውን ልጅ ሊያገባ ነው። ይሄንንስ ስጠብቀው ኖሬያለሁ፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ቤቴ ስትመጣ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ነው የምትገባው። ካገባት በኋላ ግን ጃቫ በምትባለው የኢንዶኔዥያ ደሴት፣ አባቷ መንደር ሄደው ሊኖሩ ነው። አባቷ ጉልበታቸውን ታመዋል፣ ወንድሟ ከተማ ወርዶ ፋብሪካ ገብቷል፣ ማሳው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው የእኔ ልጅ ነው። አንድዬ፣ ኢንጂነሩ።

ጭቃ ምን እንደሆነ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ጎጃም ገበሬ ቤት ነው የተወለድኩት፤ ጤፍ ሳርም ነው ያደግሁት። አባቴ ወገቡ እንደታጠፈ ነው የሞተው፤ ሲገንዙት እንኳ ቀጥ አላለላቸውም። ከዚያ አገር የወጣሁት በእግሬ ነው። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ባሌን ቀብሬ፣ ልጄን አዝዬ ሜልቦርን ገባሁ። እዚህም ዳንደኖንግ ዶሮ የሚታሸግበት ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ሴንት አልባንስና ዳንደኖንግ የዚህ ከተማ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ እስከ መሀል ከተማ በአንድ ባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ ባቡር፣ ሺፍቱ ሳይጀመር ሰው ደክሞት ያልቃል። ያን ሁሉ የተመላለስኩት ይህ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲሠራና ጫማው እንዳይቆሽሽ ነው። ተሳክቶልኝም ነበር። ማኅበር ላይ ስለ ልጆች ወሬ ሲነሣ እኔ ዝም ብዬ ቆይቼ "የኔው ኢንጂነር እንግዲህ" እል ነበር።

ጥፋቱ የቦይ ነው። ልጄ የሚነድፈው የዝናብ ውሃ መውረጃ ቱቦ ነው፤ የሜልቦርን ዝናብ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ እሱን ጠይቁት። አምና ከልጅቷ ጋር መንደሯን ሊያይ ሄደ። ሲመለስ ፎቶ አሳየኝ። ልጅቷ ሁለቱ ላይ አለች፤ የቀረው በሙሉ ቦይ ነው። ውሃው ከተራራው ሥር ተነሥቶ፣ ያለ ፓምፕ፣ ያለ ቱቦ፣ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ማሳ በተራ ይወርዳል። "እማዬ፣ ሉክ አት ዚስ! ማንም በውሃ አይጣላም!" ይለኛል ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እኔ በውሃ ሰበብ ሰው ሲፈናከት እያየሁ ያደግሁ ነኝና አላመንኩትም።

"አይሆንም" ብለው እንደማይሰማኝ ዐውቃለሁ፤ በግትርነቱ ወደ እኔ ነው የሄደው። ስለዚህ ዘዴ አሰብኩ። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትጠየቅ ወላጆቿ ወዲያው እሺ አይሉም። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ጉዳያቸውን ይናገራሉ፣ "ተማክረን መልስ እንሰጣለን" ተብለው ይመለሳሉ፤ እንደገና ይመጣሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ። እኔ በጾም ተጠይቄ የተፈቀድኩት ሰብል ሲሰበሰብ ነው። እነዚህ የጃቫ ሰዎች ደግሞ ይሉኝታቸው ከእኛ የባሰ እንደሆነ ልጄ ራሱ ነግሮኛል፤ እሺም እንቢም ማለት ይከብዳቸዋል። ምክክራቸው አንድ ዓመት ቢወስድ፣ ልጄ ሥራ ሲያጣ፣ ኪራይ ሲያስጨንቀው፣ ልቡ ይመለሳል። "እሺ፣ አግባት" አልኩት። "ነገር ግን በሥርዓት ሽማግሌ ይላካል። ቤተሰቧ እሺ እስኪል ድረስ ትኬት ቡክ እንዳታደርግ።" ተነሥቶ አቀፈኝ። ሥርዓት የምወድ መስሎት ነው።

ሰው ከመጠየቁ በፊት ቤተሰቡ ይጠናልና፣ ልጅቷን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ለአባቷ በቪዲዮ እንድትደውልልኝ አደረግሁ፤ እኔና እሷ የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነው። ዓላማዬ ነውር መፈለግ ነበር። መጀመሪያ ሃይማኖታቸውን ጠየቅሁ። መንደሩ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ የልጅቷ ቤት፣ የእኛ ዓይነት ባይሆንም፣ ክርስቲያን ነው። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "ይሄ በትምህርት ይስተካከላል፣ አታስቢ" አሉኝ። ማሰብ ፈልጌ ነበር።

መንደሩ አንድ መንገድ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች፣ ከቤቶቹ ጀርባ የሩዝ ማሳ፣ ከማሳው ጀርባ አናቱ ላይ የሚጨስ ተራራ። "ይሄ ነገር እሳት አለው እንዴ?" አልኳት። "አዎ፣ ግን አልፎ አልፎ ነው" አለችኝ፣ ስለ ባቡር መዘግየት የምታወራ ይመስል። ሩዙን የሚያሰጡት አስፋልቱ ላይ ነው። መኪና ሲመጣ ዞር የሚለው መኪናው ነው። ከአጨዳ በኋላ ደግሞ ዳክዬዎች ይሰማራሉ፤ ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ጨርቅ ያሰረ ጎልማሳ የወደቀ ፍሬ እያስለቀመ ከማሳ ማሳ ይነዳቸዋል። "ይህ ሰውዬ ሥራው ይሄ ነው?" ብል ልጄ "ሂ ኢዝ ቬሪ ሪስፔክትድ" አለኝ።

የመጀመሪያውን ዛላ ደግሞ አሮጊቶች ናቸው የሚቆርጡት፤ መዳፋቸው ውስጥ በምትደበቅ ትንሽ ስለት፣ አንድ በአንድ። ለምን በማጭድ አያጭዱትም ብዬ ጠየቅሁ። ሩዙ ስለቱን አይቶ እንዳይደነግጥ ነው ተባልኩ። የሚደነግጥ እህል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። እኛ ጤፉን ስናጭደው ስሜቱን የጠየቀው የለም።

አባትየውን ያየሁ ቀን ደግሞ ልጣላቸው ምንም አልቀረኝም። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ጥርሳቸው የሚያምር ሰው ናቸው። ገና ሰላም እንዳልኳቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጅቷ ስልኩን ወደ ራሷ ዞር አደረገችው። "ምን አሉኝ?" ብዬ ያዝኳት። "ገላዎን ታጥበዋል ወይ ነው የሚሉት" አለችኝ። ደሜ ፈላ። "በስልክ ሸተትኳቸው?" አልኩ። ለካ እነሱ ዘንድ አመሻሽ ላይ ሰው ሲገናኝ የሚጠያየቀው ይህንን ነው፤ እኛ እንዴት ዋላችሁ እንደምንለው። "ታጥቤያለሁ በያቸው" አልኩ ተኮሳትሬ። እሳቸው ከልባቸው ደስ አላቸው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ክረምቱን በሙሉ ያን መንደር ሳጠና ከረምኩ። ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል፣ ስልኩ ውስጥ አንገቱን ያስገባል፣ ያየኛል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። ሰው ሲሞት ሁሉም ያበስላል፣ ቦይ ሲደፈን ሁሉም ይቆፍራል፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሁሉም ያውቃል። የእናቴን መንደር በሌላ ቋንቋ ያየሁ ያህል ሆነብኝ። ነውር ግን አጣሁ። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ ነበር።

ሽማግሌ የሚመሩልኝ ጋሼ ናቸው፤ ኬንሲንግተን በሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የከተማውን ሐበሻ ግማሽ ያጋቡ ሰው። አንድም ቀን ልጅ ሳይሰጣቸው ተመልሰው አያውቁም፤ ይህ ትንሽ አሳስቦኝ ነበር። ሁለተኛው የባሌ ክፍለ ሀገር ሰው ናቸው፤ የአውቶቡስ ሾፌር፣ አማርኛን ጎልማሳ ሆነው የተማሩ፣ ስለ እርሻ ከተነሣ የማያቆሙ። ሦስተኛው ቁጥር ለመሙላት የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚናገሩት "እውነት ነው" ብቻ ነበር።

ችግሩ ከመጀመሪያው ተወሳሰበ። ሽማግሌ የሚሄደው የልጅቷ ወላጆች ቤት ነው፤ ወላጅ ያለው ጃቫ ነው። ጋሼ አስበው አስበው "ልጅቷ ኬንሲንግተን የተከራየችው ቤት እንደ አባቷ ቤት ይቆጠራል" ብለው ፈረዱ። ደግሞ ሙሽሪት ሽማግሌ ፊት አትቀርብም፤ ነገር ግን ጃቫኛ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ማድ ቤት ገብታ በመጋረጃ ውስጥ እንድትተረጉም ተወሰነ። ሙሽራውም አይገኝም፤ ነገር ግን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ያስፈልጋል። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እንግሊዝኛ ይችላሉ" ብላቸው "ሽምግልና በእንግሊዝኛ አይሆንም!" ብለው ተቆጡኝ። ልጄ ሻወር ቤት ገባ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ እንደሌለ ተቆጥሮ። የወንዱ እናት ጭራሽ በአካባቢው መታየት የለባትም። እኔ ግን ለስላሳ መጠጥ አመጣሁ ብዬ ቀደም ብዬ ደርሼ፣ የልጅቷ መኝታ ቤት በር ኋላ ቆሜያለሁ። በስንጥቁ ሳሎኑም ስልኩም ይታየኛል።

ያን ቀን፣ በጋው ገብቶ፣ ሜልቦርን እንደ ምድጃ ይጋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች በሙሉ ልብስ ከነክራቫታቸው፣ በላዩ ነጠላ ደርበው፣ ጠባቡ ሳሎን ውስጥ ተሰለፉ። ስልኩ የመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ቆሟል። ስልኩ ውስጥ መንደሩ አለ፤ መንደሩ ስል በሙሉ ማለቴ ነው። ኔትወርክ ሳይቆራረጥ የሚይዘው በመንደሩ መግቢያ ያለችው የዘብ ጎጆ ዘንድ ብቻ ነው፤ ውስጡ የተቦረቦረ ግንድ ተንጠልጥሎባታል፣ እሱን እየመቱ ነው የሚጠራሩት። ሰሌን አንጥፈው፣ ምግብ ደርድረው፣ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። አባትየው አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሰው መሀል ላይ ናቸው።

"ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" አሉ አባትየው። ከማድ ቤት በእንግሊዝኛ፣ ከሻወር ቤት በአማርኛ ደረሰን።

"ጉዳያችን ተሰምቶ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም!" አሉ ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው።

"እውነት ነው" አሉ ሦስተኛው።

ይህ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ይቆማል፣ "ተቀመጡ" ተብሎ መቀመጥ ማለት ነገሩ ተፈቅዷል ማለት ነው። እነሱ ዘንድ ደግሞ እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም። አባትየው ሰሌኑን ተደግፈው፣ ፊታቸውን ሳያጨፈግጉ፣ ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ጎጆዋ በሙሉ ተነሣ። አሮጊቶቹ ተነሡ። የዳክዬው ሰውዬ ከነቀርከሃው ተነሣ። "እባካችሁ ተቀመጡ" ይላሉ እነሱ፣ "አንቀመጥም" እንላለን እኛ። ማንም አልተቀመጠም።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ልጅቷ በአባቷ ትእዛዝ ሙዝ በዘይት ጠብሳ፣ ሻይ ቀድታ፣ በመጋረጃው ሥር በእጇ ብቻ አቅርባለች። ሽማግሌ ሳይፈቀድለት አይቀምስምና ማንም አልነካውም። እንግዳ ሳይቀምስ ባለቤት አይቀምስምና እዚያም ማንም አልነካውም። አንዲት ዶሮ ሰሌኑ ላይ ወጥታ ከአንዱ ሳህን ሩዝ መልቀም ጀመረች። መንደር ሙሉ ሰው ያያታል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ዶሮ እሽ ማለት የሚያሳፍር ሆኖ ነው መሰለኝ፣ ዝም ብለዋት በላች።

ጋሼ ዘር ጠየቁ። ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አለመሆናቸው መጣራት አለበት አሉ። የባሌው ሰው ጠጋ ብለው "ጋሼ፣ በየት በኩል ይዛመዳሉ? በባሕር?" አሏቸው። "ሥርዓት ሥርዓት ነው!" አሉ ጋሼ። አንዲት አሮጊት ወደ ፊት ወጥተው የልጅቷን አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ እስከ ሰባት ድረስ አንቆረቆሩት፤ ለእያንዳንዱ እርከን በቋንቋቸው ስም አላቸው። ከዚያ በጨዋ ደንብ የእኛን ጠየቁ። ጋሼ አራት ቆጠሩ። አምስተኛው ላይ ላብ አላባቸው። ስድስተኛውና ሰባተኛው የታወቁ የጦር አበጋዞች ሆነው አረፉት፤ ከመኝታ ቤት ሆኜ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"ዘመድ አይደሉም" አሉ ጋሼ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

"እውነት ነው።"

ትርጉሙ ራሱ ጉድ ነበር። ጋሼ "እንግዲህ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል" ሲሉ፣ ልጄ በእንግሊዝኛ አሳጥሮ ይጮኻል፤ ልጅቷ ደግሞ ለሽማግሌ የሚነገር የአክብሮት ጃቫኛ ስላለ እሱን እየመረጠች፣ አንዷን ዐረፍተ ነገር እስክትጨርስ ባቡር መጥቶ፣ ቤቱን አንቀጥቅጦ ያልፋል። አባትየውም በተራቸው ረጅም ነገር ይናገሩና እኛ ዘንድ "እሺ፣ ቀጥሉ" ሆና ትደርሳለች። በመሀል የባሌው ሰው "በበሬ ነው በጎሽ የሚያርሱት?" ብለው ጠየቁ። "አሁን በትንሽ ሞተር ነው" ተባለ። "አፈሩ ከባድ ነው?" "ከባድ ነው።" "ያሳዝናል" አሉ ከልባቸው። ጋሼ በክርናቸው ጎሸሟቸው።

እዚያ ዝናብ መጣል ጀመረ። ጎጆዋ ትንሽ ስለሆነች ጠርዝ ላይ ያሉት እየራሱ ቆሙ። አባትየው የጎጆዋን ቋሚ በአንድ እጃቸው ይዘው ብዙ ተናገሩ። ማድ ቤት ያለችው ልጅ ግን ወዲያው አልተረጎመችም። ከዚያ በቀጭን ድምፅ ለልጄ በእንግሊዝኛ ነገረችው።

"ምን አሉ?" አሉ ጋሼ።

ልጄ ከሻወር ቤት ተናገረ። "እሳቸው የሚሉት... ልጄ አድጋለች፣ የምትወደውን መርጣለች፣ እኔ የምሰጠውም የምከለክለውም የለም። ይህን ያህል ትልልቅ ሰው ቆሞ እኔን መጠየቁ ያሳፍረኛል። ጠያቂው እኔ ነኝ ይላሉ። ማሳዬ ሰው አጥቷል። መንደሩ ተሰብስቦ ለልጁ የውሃ ተራና የዘብ ተራ ሊሰጠው ተስማምቷል። ልጁን ጠይቀነው እሺ ብሎናል። እናቱን ግን የጠየቃት የለም። አንድ ልጅ ነው ያላት። እሷ ሳትፈቅድ ጭቃዬ ውስጥ አላስገባውም ይላሉ።"

ጋሼ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠይቁ እንጂ ሲጠየቁ አልኖሩም። ተጠያቂ ሲሆኑ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋት አንዲት መልስ ብቻ ናትና እሷው ወጣች፤ "ተማክረን መልስ እንሰጣለን!"

ከበሩ ኋላ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የፈለግሁት ጊዜ በእጄ ገባ። አንድ ዓመት እንማከራለን፣ ሁለት ዓመት እንማከራለን!

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። "በእናንተ ሥርዓት የጠየቀ ሰው መልስ እስኪያገኝ ምን ያደርጋል?" ብለው አስጠየቁ።

የባሌው ሰው ቅን ናቸው። "አይቀመጥማ! ይቆማል" አሉ።

"መልካም" አሉ አባትየው። ቆሙም።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለን። እሳቸው ግን ሥርዓታችንን ማክበራቸው ነበር። አይናገሩም፣ አይቀመጡም፣ ፈገግ ብለው ስልኩን ያያሉ። መንደሩም አብሯቸው ቆመ። የእኛዎቹም ቆመዋል። ስልኩን ቀድሞ መዝጋት ለሁለቱም ወገን ነውር ነውና የሚዘጋ የለም። እዚህ ሙቀቱ፣ እዚያ ዝናቡ። ጋሼ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና የተደረጉ ናቸው፤ አንዱን እግር አሳርፈው ሌላውን ይተካሉ። ልጅቷ ማድ ቤት ውስጥ ትስቅ ታልቅስ መለየት አቃተኝ። ይቆረጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ኔትወርኩ እንኳን ያን ቀን አልተቆረጠም።

በስንጥቁ አባትየውን አየኋቸው። ሱሪያቸው አንዱ እግር ተሰብስቧል፣ የታመመው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቋሚውን የያዘው እጃቸው ጅማቱ ወጥቷል። ፊታቸው ግን ያው ነው። ያዘንኩላቸው ለጉልበታቸው ብቻ አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ከእኔ ላይ አንድ ነገር ሲወስድ ጠይቆኝ አያውቅም። ወንድሜን ለጦርነት ሲወስዱት አልጠየቁኝም። ባሌን በሽታ ሲወስደው አልጠየቀኝም። አገሬን፣ ጉልበቴን፣ የሺፍቱን ዓመታት ሁሉ ዝም ብለው ነው የወሰዱት። አሁን አንድ ሰው ከዓለም ጫፍ፣ ጭቃ ላይ ቆሞ፣ ልውሰድብሽ ወይ ይለኛል። እንቢ የምልበት ሥልጣን ሲሰጠኝ እንቢታው ከእጄ ላይ ሟሸሸ። በጣም ተናደድኩ።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

"እህቴ! ምን ነካሽ? የወንዱ እናት እዚህ ምን ትሠራለች?" አሉ ጋሼ ነጠላቸው ከትከሻቸው እየወረደ።

"ይተዉኝ ጋሼ፣ ጥያቄው ለእኔ ነው የመጣው" አልኩና መደርደሪያው ፊት ቆምኩ። መንደሩ በሙሉ አየኝ። "ጉልበትዎን እንዴት ነዎት?" አልኳቸው።

ለምጄዋለሁ አሉ።

"ልጄ እርሻ አያውቅም። እጁ ስስ ነው።"

እኛም ስናስተምረው እንታገሣለን አሉ።

"ማሳ ሲገባ ጫማ ያደርጋል?"

እዚህ ላይ ትንሽ አሰቡ። ከልባቸው ሊዋሹልኝ እንደፈለጉ አየሁባቸው። በባዶ እግር ነው፣ አሉ መጨረሻ ላይ።

ቢዋሹኝ ኖሮ እንቢ እል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ እያዩ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚባለው፤ እኔም ያቺ ቃል ምን እንደምታስከፍለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቃለሁ። ጋሼም ዐውቀዋል። ቃሏን ለጥቂት ጊዜ አፌ ውስጥ ያዝኳት፤ ማንም አላጣደፈኝም።

"ይቀመጡ" አልኳቸው። "በሞቴ፣ ይቀመጡ።"

የሚተረጉም አላስፈለገም። ግንዱ ሲደለቅ እስከ ጎረቤት ተሰማ። ጋሼ ሶፋው ላይ ተዘርግተው ክራቫታቸውን ፈቱ፤ የባሌው ሰው ሙዙን ጎረሱ፤ ሦስተኛው "እውነት ነው" እያሉ እንባቸውን ጠረጉ። ልጅቷ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ልጄም ወጣ፤ ፊቱ ረጥቦ ነበር፣ ሻወር ቤት ስለቆየ ነው ብዬ አለፍኩት። አባትየው ቋሚውን ይዘው ቀስ እያሉ ሰሌኑ ላይ ወረዱ፣ የታመመውን እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉ፣ ተነፈሱ።

ከዚያ ቀና ብለው ስልኩን አዩ። እኔ ገና እንደቆምኩ ነኝ። መዳፋቸውን መሬት ላይ ተከሉና፣ ፊታቸው በሕመም እየተጨማደደ፣ እንደገና ሊነሡ ጀመሩ።

ልጄ ወንበር ሊያመጣልኝ ሮጠ። አልጠበቅሁትም። የልጅቷ ጫማዎች የተደረደሩበት በር ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ቶሎ ብዬ ቁጭ አልኩላቸው።